በፍሉይድ ያጠፋሁት ሳቅ

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ይህን ነገር ከእኔ ሌላ ሙሉ በሙሉ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጋሼ አንጁሎና የልጅ ልጃቸው ቤተል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ምነው ባወሩብኝ እላለሁ አንዳንዴ። ሰው ሲያማችሁ ቢያንስ ትቆጣላችሁ፣ ትከራከራላችሁ። ዝም ሲሏችሁ ግን ከራሳችሁ ጋር ትቀራላችሁ፤ እኔ ደግሞ ከራሴ ጋር ብዙ መቆየት አልወድም።

አስቴር እባላለሁ። ወላይታ ሶዶ ላይ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። በር ላይ የተለጠፈው እሱ ነው። ዋናው ሙያዬ ግን የሰው ማመልከቻ ማሳመር ነበር። ከገጠር የመጣ አባወራ በወላይትኛ «ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋው» ይለኛል። እኔ በአማርኛ «ከአባቶቼ ጀምሮ በእጄ የነበረውን ይዞታዬን በማን አለብኝነት» ብዬ እጀምርለታለሁ። «እንዳልኩሽ ጻፊው» ይለኛል። «እሺ» እላለሁ፤ የራሴን እጽፋለሁ። ጉዳዩ ሲያልቅለት ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል። «አስቴር የነካችው ወረቀት ተመልሶ አይመጣም» ይሉኝ ነበር። እኔ ሞኟም አመንኳቸው።

ሌላው መሣሪያዬ ፍሉይድ ነው፤ ያቺ ነጭ ማጥፊያ። ሰው ፎርም ሲሞላ ተሳስቶ እያለቀሰ ይመጣል። ቀባ አደርገዋለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ ከላዩ እጽፍበትና ኮፒ አደርገዋለሁ። ኮፒው ላይ ቀድሞ ምን ተጽፎ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ይህ ነገር በጣም ያስደስተኝ ነበር።

ነገሩ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው የሆነው።

ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ውሎ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። እንዲህ ሲሆን ሱቄ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። አንዱ «እኔ ቀድሜ ነበር» ይላል፣ ሌላዋ ልጇን አዝላ ትገፋለች፣ አንዱ የቢሮ ሰው ደግሞ «ደብዳቤው አሁኑኑ ይፈለጋል» ይላል፤ መቼ ነው እንደሱ ያላለ! በዚህ መሃል ጋሼ አንጁሎ ገቡ። የሥዕል መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። የዚህን ከተማ ግማሽ ሰው እርሳስ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ጭምር፣ ምንም እንኳ ባይሳካላቸው። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በግራ እጃቸው አንጓውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

«ሳሮ አስቴር። እንዴት ዋልሽ ልጄ?»

«ደኅና ጋሼ፣ ይመስገነው። ይምጡ፣ ለእርስዎማ ወረፋ የለም።»

ከፌስታል ውስጥ አንድ የሥዕል ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ጥጉ በቅቤ ወዝቷል።

«መጽሐፍ ነው» አሉኝ። «የእኔና የማርታ።»

እትዬ ማርታ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅቤ ተራ ነበር የሚሸጡት። እትዬ ማርታ ሲስቁ እህል ተራ ያለው ሰው ምን ተባለ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ይህን የሶዶ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

«ፈረንጆች በልጆች መጽሐፍ ላይ የሚሥሏቸው ጥቃቅን ባለክንፍ ሰዎች አሉ፤ ፌሪ ይሏቸዋል» አሉ ጋሼ። «አበባ ላይ ነው የሚያስቀምጧቸው። ማርታ አንድ ቀን አይታቸው ‹እነዚህ እኛ አገር ቢሆኑ እንሰት ሥር ነበር የሚኖሩት፣ ሆዳቸውም በቅቤ የራሰ የእንሰት ሙቹዋ በልተው በልተው አያስበርራቸውም ነበር› አለችኝ። ከዚያ ታመመች። አልጋ ላይ ሆና እሷ ታወራለች፣ እኔ እሥላለሁ። አለቃቸው ራሷ ናት። እንዳለች ነው የሣልኳት።»

«እሺ ጋሼ፣ እሺ» አልኩ፤ በአንድ እጄ ስቴፕለር እየመታሁ።

«ቤተል አያቷን አታውቃትም። ማርታ ስታርፍ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። የምታውቀው ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ነው፤ ከመታወቂያ አሳድገን የሰቀልነውን። ማርታ ካሜራ ፊት ትደነግጥ ነበር፤ ፎቶው ላይ የተቆጣች ነው የምትመስለው። ልጅቷ በሳሎን ስታልፍ ዓይኗን በእጇ ትሸፍናለች። ‹አያቴ ልትመታኝ ነው› ትላለች። በገዛ አያቷ!» ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ቅዳሜ መዋዕለ ሕፃናታቸው ውስጥ የንባብ ቀን አለ። ያን ቀን ላነብላቸው ነው። ማርታ ስትስቅ ቤተል እንድታያት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አይደለም።»

«በጣም ጥሩ ጋሼ። ጌታው፣ መታወቂያዎን ሳይወስዱ!» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው ነው።

«እጄን እያየሽው ነው። ሁለተኛ አልሥለውም። ያለው ይኸው አንዱ ነው። ጽሑፉን በኮምፒውተር፣ ሥዕሉን በከለር ኮፒ አድርጊልኝ፤ ለልጆቹ እንዲዳረስ። ምንም ሳትነኪ፣ እንዳለ።»

«እንዳለ! ይተዉት ለእኔ።»

ይህን ሁሉ ነግረውኛል እንግዲህ። አላውቅም ነበር እንዳልል አንድም ያስቀሩት ነገር የለም። ጆሮዬ ሰምቶታል። ልቤ ግን ወረፋው ጋ ነበር። «እንዳለ» የሚለውን ደግሞ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ እንዳለ ጻፊው የማይለኝ ባለጉዳይ ኖሮ አያውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ደብተሩን ገለጥኩት። ምን አለፋችሁ፣ ብቻዬን እንደ እብድ ነው የሳቅሁት። ዳሞታ ተራራ ግርጌ አንድ የእንሰት ማሳ ውስጥ የሚኖሩ ጣት የሚያህሉ ባለክንፎች ናቸው። አንደኛው ዳታ የሚባለው የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ያለበት ጣባ ውስጥ ወድቆ ከኋላው ጭስ እያወጣ ይበርራል። ሌላው ባጃጅ አስቁሞ «ግማሹን መንገድ በራሴ ክንፍ ስለምሄድ ግማሽ ሰው ነው መቆጠር ያለብኝ» እያለ ከሹፌሩ ጋር ይጨቃጨቃል። ስብሰባ አላቸው፤ ቃለ ጉባኤም ይይዛሉ። አጀንዳ አንድ፣ «የሊቀመንበሩን ጫማ በጤዛ የሞላው ማን ነው?» የሚል ነው። አለቃዋ ሆዷ ከክንፎቿ ስለሚበልጥ ከመሬት አትነሣም። አራት ሆነው ከኋላ እየገፉ ሊያስነሷት ሲታገሉ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ፣ ላንቃዋ እስኪታይ ትስቃለች። ሥዕሉ ከገጹ ላይ ድምፅ ያለው ይመስል ነበር።

እንባዬን እየጠረግሁ ሳለሁ እህት ብርቱካን ገባች። የመዘምራን አስተባባሪ ናት፤ የአጥቢያችንን ፕሮግራም የምታሳትመው እኔ ጋ ነው። አንገቷን ወደ ደብተሩ አሰገገች።

«ምንድን ነው ይሄ አስቴር? ቀንድ አላቸው እንዴ?»

ቀንድ አልነበረም። ልክ እንደ ቢራቢሮ ግንባራቸው ላይ ያሉ ሁለት ሁለት ፀጉር የመሰሉ ጭራዎች ናቸው።

«የልጆች ነገር ነው» አልኳት፤ ደብተሩን ዘጋሁት።

ፕሮግራሟን ይዛ ሄደች፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ጨረስኩላት። «አስቴር ቀንድ ያላቸው አጋንንት ታትማለች» ሲባል ታየኝ። ወላጆች ቅዳሜ ተነሥተው «ልጆቻችንን ምን እያስተማራችሁ ነው?» ሲሉ ታየኝ። ጋሼ አንጁሎ በስተርጅና ሲዋረዱ ታየኝ፤ በነገራችን ላይ ይሄኛው የመጣልኝ መጨረሻ ነው። «እኔ እያለሁማ አይዋረዱም» ብዬ ፍሉይዱን አነሣሁ።

ለምን በኮምፒውተር አላስተካከልሽውም ትሉኝ ይሆናል። ሥዕል ማስተካከል አላውቅበትም፤ የማውቀው መጻፍ ነው። ታዲያ ለምን መጀመሪያ ኮፒ አድርገሽ ኮፒው ላይ አልቀባሽም? አዎ። ይህንን ጥያቄ ራሴን ስንት ሌሊት ጠይቄዋለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ ልማድ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ዋናው ላይ ነው የቀባሁት።

ጭራዎቹን አጠፋሁ። ጭሱን አጠፋሁ። ቦርጫቸውን በነጭ ቀሚስ ሸፈንኩ፤ መላእክት መሰሉ። አለቃዋ ጋ ስደርስ ያ ሁሉ ላንቃ «ነውር ነው» አልኩ፤ ትልቅ ሴት አፏን እንዲህ ከፍታ? ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት፣ እፍ አልኩበት፣ ሲደርቅ በቡኒ እርሳስ ቆዳዋን አስመስዬ በላዩ ቀጭን የተዘጋ አፍ ሠራሁላት። ለወጉ ፈገግ አሰኘኋት ብዬ ነበር፤ ያስተማሩኝ መምህር ባይሳካላቸውም ብያችሁ የለ? ኮስተር ብላ ወጣች። «ጨዋ ሆነች» አልኩ።

ጽሑፉንም አልተውኩትም። «በአንድ ወቅት ታዛዥና ትጉህ የሆኑ ባለክንፎች ነበሩ» ብዬ ጀመርኩ። ዳታው ላይ «ከመመገባችን በፊት እጃችንን እንታጠብ» አልኩ። ባጃጁ ላይ «ለታላላቆቻችን ቦታ እንልቀቅ» ብዬ አስገባሁበት። ስብሰባቸው «የመደማመጥ ጥቅም» ሆነ። በከለር አተምኩት፣ በስፓይራል ጠረዝኩት፣ ከሩቅ ያዝ አድርጌ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ጋሼ ሲያመሰግኑኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ሁሉ አሰብኩ።

ዓርብ ቀትር ላይ መጡ። ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል፤ ለቅዳሜ መሆኑ ነው።

«ደረሰ ልጄ?»

«ደርሷል ጋሼ! አምሮ!»

«ጌታ ይባርክሽ። እስኪ ማርታን አንድ ጊዜ ላያት።»

በቃ። አንዲት ቃል ናት። ማክሰኞ ሲነግሩኝ የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ ነው አንድ በአንድ ወደ ልቤ የገባው። አለቃቸው ራሷ ናት። እንዳለች ነው የሣልኳት። ሁለተኛ አልሥለውም። ወንበሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«አስቴር? አመመሽ እንዴ?»

ያን ሰዓት ብናገር ኖሮ! ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም፣ ልጆቹም አልነበሩም። ብንበረከክ ማንም አያየኝም ነበር። የእኔ አፍ ግን ለባለሥልጣን የሚሆን አማርኛ ሲያሰካካ የኖረ ነው፤ ሳላዘው ጀመረ።

«አሽጌዋለሁ ጋሼ። ነገ ልጆቹ ፊት ቢከፈት አይሻልም? ለእርስዎም እንደ አዲስ ይሆንልዎታል። እኔው ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

አሰቡበት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ልክ ነሽ፤ ከቤተል ጋር አብሬ ልያት» አሉ። እጃቸውን ይዘው ወጡ።

በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ምላጭ አወጣሁና የአለቃዋን አፍ በጥንቃቄ መፋቅ ጀመርኩ። ነጩ ትንሽ ተቀረፈ፤ ሥሩ ቀይ የውሃ ቀለም ብቅ አለ። «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያልኩ ቀጠልኩ። ከዚያ ፍሉይዱ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። አፏ የነበረበት ቦታ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ቀረች፤ በቀዳዳዋ የጠረጴዛዬ ሰማያዊ ፕላስቲክ ይታያል። ሌሎቹን ገጾች አልነካኋቸውም።

አሁንም ስልክ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። «ምናልባት አያስተውሉት ይሆናል፣ ዓይናቸውም ደክሟል» አልኩ። ክፋት ማለት ለእኔ ከዚያች ሐሳብ ወዲያ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፒዎቹን በካርቶን፣ ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ ልጆቹ ተደርድረዋል። ጋሼ አንጁሎ ሙሉ ልብስ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤተል ከፊት ናት፤ አዲስ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፣ አጠገቧ ያለችውን ልጅ «አያቴን ዛሬ ነው የማያት፣ አትቆጣም አሉ» ስትላት ሰማኋት።

መምህርቷ ኮፒዎቹን አደለች። ጋሼ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሁለተኛውን ገለጡ። ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። የተሳሳተ ቤት በር አንኳኩቶ እንደገባ እንግዳ ነው የመሰሉት።

አሁን ይናገራሉ አልኩ። «ይህ የእኔ መጽሐፍ አይደለም» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማንበብ ጀመሩ።

«በአንድ ወቅት ታዛዥና ትጉህ የሆኑ ባለክንፎች ነበሩ…»

የጻፍኩትን አንድም ሳይዘሉ አነበቡት። እኔን በሕዝብ ፊት ላለማሳፈር ነው። እጅ መታጠቡን አነበቡ፣ ቦታ መልቀቁን አነበቡ። ልጆቹ መጀመሪያ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ይጠብቁ ነበርና። ቆይተው መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንዱ «ቲቸር፣ ሽንት» አለ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ፣ የእኔን ደረቅ ቃል ነፍስ ሊዘሩበት ታገሉ። አጀንዳ አንድ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ከንፈራቸው ሌላ ነገር ሊል ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ «መደማመጥ ጥሩ ነው» ብለው አነበቡ።

የአለቃዋ ገጽ ተከፈተ።

«አባባ፣ አያቴ የቷ ናት?» አለች ቤተል።

የሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ሥዕሉ ላይ አረፈ። «ይቺ» አሉ በቀስታ።

ልጅቷ ተጠግታ አየች። ነጩን ቀሚስ፣ የተዘጋውን አፍ አየች።

«ይቺማ የግድግዳዋ ናት» አለች። ዓይኖቿን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ጋሼ እስከ መጨረሻው አነበቡት። መምህርቷ «አጨብጭቡ» ስትላቸው ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ጋሼ ተነሡና፣ ይህን እስክሞት አልረሳውም፣ «እህታችን አስቴር በጣም ደክማበታለች፤ ለእሷም አጨብጭቡላት» አሉ። ተጨበጨበልኝ። እጅ ነሣሁ። ምን ላድርግ፣ እጅ ነሣሁ።

በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ቤተል ወደ ዥዋዥዌው ሄዳ ነበር። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱን ገጽ ገለጡ። ቀዳዳዋ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉባት፣ አነሡ።

«ጋሼ፣ ለክፋት አልነበረም። ሰው አጋንንት ናቸው እንዳይልብዎት ብዬ…»

«ማን አለ?»

ማንም አላለም።

«አስቴር» አሉኝ፤ ጠፍቶ የተገኘ ልጅን እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብለው። «ሳቋን የት አደረግሽው?»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው ከለከሉኝ። «ተነሺ፣ ልጅቷ ታያለች» አሉ። ደብተሩን በፌስታል ጠቀለሉ፣ ቤተልን ጠሩ፣ ባጃጅ አስቁመው ሄዱ።

እንግዲህ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያ የወቀስኩት ራሴን አይደለም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ እህት ብርቱካን ላይ ልለጥፈው ሄድኩ። «አንቺ ነሽ ቀንድ ያልሺው» አልኳት። ሴትዮዋ ዓይኗን አፍጥጣ «እኔ እኮ አስቆኝ ነው የጠየቅሁሽ! ሌላም ገጽ ልታሳዪኝ ነው ስል ዘጋሽብኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የምለጥፍበት ሰው አጣሁ።

አሁን ሰው «እንዳለ» ሲለኝ እንዳለ እጽፋለሁ። «ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋው» ካለ፣ ጎረቤቱ ድንበሩን ገፋው፤ አለቀ። ከጻፍኩ በኋላ በወላይትኛ አነብለታለሁ፤ «እሱ ነው ያልኩት» ሲለኝ ነው የማትመው። አንዳንዱ «የድሮዋ አስቴር ትሻል ነበር፣ አማርኛሽ ቀነሰ» ይለኛል። ሙዙም ቀንሷል። እናንተም ማሳመር የምትወዱ ሰዎች ካላችሁ፣ የልጃችሁን ድርሰት፣ የሽማግሌን ወሬ፣ የሟችን ታሪክ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙት። እኛ ነውር ያልነው ነገር ለባለቤቱ ከሁሉ ተርፎ የቀረለት አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ተስተካክያለሁ ማለቴ አይደለም። ቅቤ ተራ ሄጄ እትዬ ማርታን የሚያውቁ ሴቶችን ጠይቄያለሁ፣ ሲስቁ የተነሡት ፎቶ ያለው አለ ወይ ብዬ። የለም። ሁሉም «ኧረ እሷማ ካሜራ ስታይ!» ይሉና ይስቃሉ።

ክረምቱ አልፎ የምዝገባ ሰሞን ጋሼ አንጁሎ ቤተልን ይዘው መጡ፤ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ የልደት ካርዷ ኮፒ ይፈለጋል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሱቄ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ሰላም አሉኝ፤ እንደ ድሮው «ሳሮ አስቴር» ብለው። በር ላይ የድሮ ተማሪያቸው አግኝቶ ሲያቆማቸው ልጅቷ ብቻዋን ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጋች።

«አንቺ ነሽ መጽሐፉን የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባባ ‹አያትሽ በጣም ትስቅ ነበር› ይለኛል። መጽሐፉ ላይ ግን አትስቅም።»

አየችኝ። እዚህም ላይ አፌ የሆነ ነገር ሊያሰካካ ሲከፈት ተሰማኝ፤ ነክሼ ያዝኩት።

«ስትስቅ ነበር የተሣለችው የኔ እናት። አባባ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

«ለምን?»

«እንዲያምር ብዬ።»

ግንባሯን ቋጠረች። ልጅ ሒሳብ ሲከብደው እንደሚያደርገው።

«መሳቅ ያስጠላል እንዴ?»

መልስ ሳልሰጣት ጋሼ ገቡ። ኮፒውን ተቀበሉ፣ «ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ፣ እጇን ይዘው ወጡ። ደረጃው ላይ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ልጅቷ ግን ከት ብላ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ላንቃዋ እስኪታይ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት አይቼዋለሁ። ከዚያ ዞር አለችና ዓይናችን ተገጣጠመ። ሳቋ ቀጥ አለ። በትንሿ መዳፏ አፏን ሸፈነች።

ጠረጴዛውን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። ባጃጁ ሲነሣ መንገድ ላይ ደረስኩ።

«አያስጠላም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤተል! አያስጠላም! ያምራል!»

ከየቢሮው የወጣው ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ወረቀቶቻቸውን ይዘው በሬ ላይ የተሰለፉት ባለጉዳዮቼ አዩኝ። እኔ በነጠላ ጫማ ከባጃጁ ኋላ እየሮጥኩ «ያምራል» እያልኩ ነበር፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ። ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም።